በርበሬ ከማስጣታችሁ በፊት ሰማዩን እዩት

መጋቢት 2009 ዓ.ም. ነበር። ሁለት ፈረሱላ የማረቆ በርበሬ ቀንጥሼ፣ ደልዤ (ከቅመም ጋር በእርጥቡ ወቅጬ)፣ አዲስ አበባ ኮተቤ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ላይ አሰጣሁ። 34 ኪሎ መሆኑ ነው። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ልጅ ሆኜ እንደለመድኩት ወደ ምሥራቅ አየሁ። ጉም የለም። አይዘንብም ብዬ ሽሮዬን ይዤ ወፍጮ ቤት ሄድኩ።

9 ሰዓት ላይ መጣ። እሱም ከምሥራቅ አይደለም፤ ከእንጦጦ በኩል ነው። ታክሲ ውስጥ ሆኜ መስታወቱ ላይ የሚወርደውን ውሃ ሳይ ክው አልኩ። ቤት ስደርስ ሸራው መሃል ላይ ቀይ ኩሬ ተኝቷል። ልጆቹ እናድን ብለው ሸራውን በአራቱም ጠርዝ አንሥተው ውሃውን ሁሉ በርበሬው ላይ ሰብስበውታል። ምን ይባላል? ምስኪኖች፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ቀልቶ ቆመው ያዩኛል።

ባልትና ነው የምሠራው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ብቅል። ፀሐይ የማይፈልግ ዕቃ የለኝም ማለት ይቻላል። ሰማይ ማየት እንጀራዬ ነው። ያን ቀን የተሳሳትኩት ግን ሰማዩን ሳላየው ቀርቼ አይደለም። አይቼዋለሁ። የሌላ አገር ምልክት ይዤ የኮተቤን ሰማይ በማንበቤ ነው።

ምልክት አገር አለው

ያደግኩት ከጣርማ በር በላይ ባለ መንደር ነው። ከጓሯችን ትንሽ ራመድ ካላችሁ መሬቱ ያልቃል፤ ገደል ነው። ከታች ደብረ ሲና፣ ከዚያ ወዲያ ሸዋ ሮቢት፣ ከዚያም ወዲያ ቆላው። አባቴ ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ የሚያየው ያንን ገደል ነው። ጉሙ ከታች ቆላው ላይ ከተጋደመ «ዛሬ ይሰጣል» ይላል። ጉሙ ገደሉን ይዞ መውጣት ከጀመረ «ተዉት» ይላል። አፋፉን አልፎ ደጃችን ከገባማ አለቀ፤ ሰው ከሰው አይተያይም፣ ከብቱም በጊዜ ይገባል።

አባቴ ትክክል ነው። በልግ ላይ እርጥበቱ የሚመጣው ከምሥራቅ፣ ከሕንድ ውቅያኖስና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ነው። እርጥቡ አየር ገደሉ ሲያጋጥመው ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ጉም ይሆናል። ስለዚህ የጣርማ በር ሰው ገደሉን ሲያይ የእርጥበቱን መንገድ እያየ ነው። ኮተቤ ላይ ግን እንዲህ ያለ ገደል የለም። እኔ የሌለ ገደል ስፈልግ ዝናቡ ከጀርባዬ መጣ።

ይህ ነገር እኛ ዘንድ ብቻ ያለ አይደለም። ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ላይ ማታ ሰማዩ ሲቀላ ብራ ይሆናል፣ ጠዋት ደምኖ ሲቀላ ይዘንባል የሚሉ ሰዎች አሉ። ሉቃስ 12 ላይ ደግሞ ደመና ከምዕራብ ሲወጣ ዝናብ መጣ ይላሉ። ለእነሱ ልክ ነው። የእነሱ ባሕር በምዕራብ በኩል ነው፤ የአየር ጠባዩም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። እኛ ግን ያለነው ወደ ምድር ወገብ ቀረብ ብለን ነው፤ የክረምት ደመናችን ብዙ ጊዜ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነዳል። የማታ ቀይ ሰማይ ኮተቤ ላይ ያማረ ሰማይ ነው፤ ከዚያ በላይ አላምነውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራችሁ ይህ ይሁን። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከየት እንደመጣ ጻፉ። ሌላ ምንም አትጻፉ። ለአንድ ወር ያህል ይበቃል። «ከሰሜን» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት በኩል»፣ «ከውሃ ታንከሩ በላይ» በሉ። በኋላ የምታዩት አቅጣጫ መለኪያውን ሳይሆን ጉልላቱን ነው። እኔ ካለሁበት ሲታይ የቀትር በኋላው ዝናብ አብዛኛውን የሚጀምረው እንጦጦ አናት ላይ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ተራራው በፀሐይ ሲሞቅ አየሩን ወደ ላይ ይገፋል፣ ደመናው እዚያ ላይ ይበቅላል። እናንተ ፉሪ ወይም አየር ጤና ከሆናችሁ ግን የእኔን ጉልላት አትዋሱ። የራሳችሁን ፈልጉ።

ወሩን ሳታውቁ ሰማዩን አታንብቡ

ያው ሰማይ በኅዳርና በሐምሌ አንድ ነገር አይናገርም። ጥርት ያለ ጠዋት በኅዳር ጥርት ያለ ቀን ነው። በሐምሌ ጥርት ያለ ጠዋት ማለት ጥርት ያለ ጠዋት ማለት ብቻ ነው።

ሚቲዎሮሎጂ ዓመቱን በሦስት ይከፍለዋል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። ቤተ ክርስቲያን በአራት ትከፍለዋለች፤ የእሷ ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። ለእኔ ሥራ ሁለቱም ይጠቅሙኛል። ግን የእኔ ክፍፍል ሌላ ነው። አሰጣለሁ፣ እየተጠባበቅኩ አሰጣለሁ፣ አላሰጣም። ጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ አሰጣለሁ፤ ዛላውም ያኔ ነው ገበያ ላይ የሚረክሰው። የካቲት እስከ ግንቦት እየተጠባበቅኩ። ሐምሌና ነሐሴ እግዜር ይስጠኝና ዕረፍት ነው፤ ሽሮዬን ምድጃ ላይ አምሳለሁ፣ በርበሬ አልነካም።

ከሁሉም አስቸጋሪው በልግ ነው። በክረምት መዝነቡን ታውቁታላችሁ፤ አትሞኙም። በልግ ግን ሦስት ቀን ብራ ሆኖ ካዘናጋችሁ በኋላ በአራተኛው ከሰዓት ያፈርጠዋል። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ምልክት አብዛኛው ለበልግ ነው።

ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት

ከቤት ስወጣ መጀመሪያ የማየው ሰማዩን ሳይሆን ሣሩን ነው። ጤዛ አለ? ጤዛ የሚጥለው ሌሊቱ ጥርት ያለና ነፋስ የሌለበት ሲሆን ነው። ደመና ካለ መሬቱን እንደ ጋቢ ሸፍኖ ሙቀቱን ይይዘዋል፤ ያኔ ጤዛ አይኖርም። ስለዚህ በልግ ላይ ሣሩ በጤዛ ርሶ ካገኘሁት ደስ ይለኛል። ማታ ሞቅ ብሎ አድሮ ሣሩ ደረቅ ከሆነ እጠራጠራለሁ። ይህ ምልክት በክረምት አይሠራም፤ ሣሩ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ ጤዛ ይሁን ዝናብ ማን ያውቃል።

ቀጥሎ ጭስ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ጭስ ወደ መሬት ከተኛ ይዘንባል» ሲሉ ትሰማላችሁ። ለአዲስ አበባ ጠዋት ይህ ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው። ኅዳር 12 ቀን፣ ኅዳር ሲታጠን፣ ከተማው ላይ ያለውን ጭስ አስታውሱ። ጠፍጣፋ ሆኖ ጣሪያ ለጣሪያ ይሄዳል። ያ ዝናብ ሊመጣ ነው ማለት አይደለም። ሌሊቱ ጥርት ብሎ መሬቱ ስለቀዘቀዘ፣ ከታች ያለው ቀዝቃዛ አየር ከላይ ባለው ሞቃት አየር ተከድኖ ጭሱን ይዞት ነው። ፀሐይ ስትሞቅ ክዳኑ ይነሣል። እኔ በበጋ ጠዋት የጎረቤት ጭስ ተኝቶ ካየሁ ሸራዬን አወጣለሁ። ቀን ላይ፣ 7 ወይም 8 ሰዓት አካባቢ፣ ጭስ ወዲያና ወዲህ እያለ መሄጃ ካጣ ግን ነፋስ እየተለዋወጠ ነውና ጆሮዬን አቆማለሁ።

ከዚያ በኋላ ፀሐይዋን በቆዳዬ አያታለሁ። 3 ሰዓት ሳይሞላ ጀርባ የምትበላ ፀሐይ አለች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ «ይቺ የዝናብ ፀሐይ ናት» ይላል። ልክ ነው። አየሩ እርጥበት ሲይዝ ላባችን አይደርቅም፤ ስለዚህ ሙቀቱ ከቁጥሩ በላይ ይከብደናል። ወበቅ የምንለው ይህን ነው። ወበቅ ያለበት ጠዋት ለከሰዓት ዝናብ ማገዶ እየለቀመ ነው።

ወጥ ቤታችሁ ከሰማዩ ቀድሞ ያውቃል

ደመና ገና ሳይታይ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ወጥ ቤት ይገባል። እኔ ከሁሉም በላይ የምታመንባቸው እነዚህን ነው፤ ከሰማይ ይልቅ ቅርብ ናቸው፣ አንገትም አያሳምሙም።

ጨው አንዱ ነው። አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ጨው ውሃ መሳብ ይጀምራል። ክዳን የሌለው የጨው ዕቃ በመስኮት አጠገብ አስቀምጡ። ጠዋት ማንኪያው ላይ ሙጭጭ ካለ አየሩ ከብዷል። ግን ከምድጃ አርቁት። አንድ ሰሞን ጨዉ በየቀኑ እየረጠበብኝ ስፈራ ከረምኩ፤ ለካ የሽሮ ድስት እንፋሎት ነው።

ሁለተኛው ራሱ በርበሬው ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ ነኝ ያገኘሁት፣ ስለዚህ ትንሽ ልኩራበት። አንድ እፍኝ በደንብ የደረቀ ዛላ በክር አሥራችሁ ደጅ፣ ግን ጣሪያ ሥር ስቀሉ። ጠዋት ጠዋት ጆሯችሁ አጠገብ አራግፉት። ፍሬው ውስጡ እንደ ጸናጽል ከተንሿሿ አየሩ ደረቅ ነው። ድምፁ ከደነዘ፣ ዛላውም ሲታጠፍ ቀጭ ከማለት ይልቅ እንደ ቆዳ ከተለመጠ፣ ሌሊቱን እርጥበት ጠጥቷል። እንዲህ በሆነ ቀን የተደለዘ በርበሬ አላወጣም። ባይዘንብ እንኳ አይደርቅም፤ ምን አደከመኝ።

የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ከበሮም ይናገራል። ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ይላላል፤ ድምፁ ይሞታል። ማሕሌት ያደረ ሰው ጠይቁ። ከበሮውን ፀሐይ ወይም እሳት ካላሞቁት እምቢ የሚልበት ቀን አለ። የእንጨት በር ማበጥም ያው ነው፤ የእኔ የጓዳ በር በልግ ገብቶ ካልተገፋ አይከፈትም። እሱ ግን ቀርፋፋ ነው። ወቅቱን እንጂ ቀኑን አይነግርም።

ቱቦ ሲሸት ዝናብ አለ የሚለውን ብዙ ሰው ይምላል። እኛ ግቢ ግን ቱቦው ሁልጊዜ ስለሚሸት ልመሰክር አልችልም።

ከ4 እስከ 7 ሰዓት፣ ደመናው ወዴት እያደገ ነው?

ደመና ማየት ደመና ስሙን ማወቅ አይደለም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። ወደ ጎን ነው የሚያድገው ወይስ ወደ ላይ?

4 ሰዓት ላይ ትንንሽ ነጭ ደመናዎች እንደተነደፈ ባዘቶ ተበትነው ታያላችሁ። ምንም አይደሉም። ሥራ ያዙና 5 ሰዓት ተኩል ላይ እንደገና እዩዋቸው። ያው ባዘቶ ሆነው ከቆዩ፣ ወይም ጠፍጣፋ ሆነው ከተንሳፈፉ፣ ቀኑ የእናንተ ነው። ከመካከላቸው አንዱ አናቱ እንደ አበባ ጎመን ኩፍ ኩፍ እያለ ወደ ላይ ከተቆለለ፣ ከስፋቱ ቁመቱ ከበለጠ፣ ሆዱም መጥቆር ከጀመረ፣ እስከ 8 ወይም 9 ሰዓት ያለውን ጊዜ ቁጠሩ። እኔ እዚህ ላይ ሥራ አላቆምም፤ ከግቢ አልወጣም እንጂ። መጋቢት ላይ ያጠፋሁትም ይህንን ነው፤ በጠዋት አይቼ ሄድኩ፣ ቀትር ላይ የሚያይ ሰው አልተውኩም።

የአበባ ጎመኑ አናት ጠፍጥፎ ወደ ጎን ከተዘረጋ፣ እንደ አንጥረኛ መስፍ ከሆነ፣ መጠባበቅ የለም። ከውስጡ ሳያቋርጥ የሚያጉረመርም ድምፅ ካለ በረዶም ሊኖረው ይችላል። አባቴ አገር በረዶ ይመልሳል የሚባል ደብተራ ነበር፤ እህል ይሰፈርለታል። በረዶው ሌላ መንደር ላይ ሲወርድ መለሰ ይባላል። እኛ ላይ ሲወርድ ደግሞ ሰፋሪው አጉድሏል ይባላል። ያዋጣል እኮ፣ የእኔም ሥራ እንዲህ ቢሆን!

የመጨረሻዋ ሩብ ሰዓት

ይህ ክፍል በደንብ ይያዝ፤ ዕቃ የሚድነውም የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው።

ሞቆ የዋለ ቀን በድንገት ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ሽው ካደረገ፣ እሱ ከዝናቡ ጋር ከደመናው የወረደ አየር ነው። ቀድሞ ይደርሳል። አብሮት የረጠበ አፈር ሽታ ከመጣ ዝናቡ ጎረቤት ቀበሌ እየዘነበ ነው። አሞራዎቹ ከሰማይ ጠፍተው ጣሪያና ምሰሶ ላይ ይቀመጣሉ። የጎረቤቴ ንቦች ቀፎው አፍ ላይ ይጨናነቃሉ፤ የሚገባ እንጂ የሚወጣ የለም። ይህን ሁሉ ለማየት ግን ጊዜ የላችሁም። ነፋሱ ከነካችሁ ተነሡ።

አሰባሰቡ ተራ አለው። መጀመሪያ የተደለዘው በርበሬ፤ እሱ ውሃ ከነካው አይመለስም። ቀጥሎ ድርቆሽና ብቅል። ዛላው መጨረሻ፤ ቆዳው ጥቂት ጠብታ ይችላል። ሸራውን በአራት ጠርዝ አታንሡት፤ የእኔን ልጆች አስታውሱ። በሁለት ሰው ከአንዱ ጫፍ እየጠቀለላችሁ ወደ በረንዳው ሂዱ። በረንዳችሁም ወጨፎ የማይገባበት ወገን ይሁን። ዝናቡ ከየት እንደሚመጣ የጻፋችሁት ለዚህም ይጠቅማል፤ ነፋስ ይዞት በጎን ሲገባ ጣሪያ ሥር መሆን ምንም አያድንም። ካፊያ ከሆነ ትደርሳላችሁ። እኝኝ የሚል ከሆነም አይቸኩልም፤ ግን ቀኑን ሙሉ አይለቅም። ዶፍ ከሆነ አንድ ሸራ ምረጡና ሌላውን ተዉት።

መብረቅ ካለ ሌላ ሒሳብ ነው። ብልጭታውን ካያችሁ ጀምሮ ድምፁ እስኪሰማ ቁጠሩ። በየሦስቱ ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳይሞላ ካጓራ ቤት ግቡ። ሸራውን ትታችሁ። እናቴ በመብረቅ ጊዜ ቀይ ልብስ ታስወልቀን ነበር፤ ቀይ ይስበዋል ብላ። ቀለም መብረቅ አይስብም፤ ሜዳ ላይ መቆምና ዛፍ ሥር መጠለል ነው የሚያስመታው። በርበሬ ይገዛል።

የእንስሳቱ ነገር

አባቴ ከሰማዩ እኩል በሬዎቹን ያምናል። አፍንጫቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ሲያሸቱ፣ ጊደሮቹ ጅራታቸውን ሰቅለው ሲፈነጥዙ፣ ዝናብ አለ ይላል። አብሬው ኖሬ ሲሠራም ሳይሠራም አይቻለሁ። ጊደር ዝንብ ሲነክሳትም ትፈነጥዛለች። ኮተቤ ላይ በሬ የለኝም፤ ስለዚህ ከዚህ በላይ አልፈርድም።

ጉንዳን መንገድ ሠርቶ ቤት መግባት ከጀመረ መሬቱ ውሃ ጠግቧል ማለት ነው። ወደፊት ስለሚሆነው ሳይሆን ስለሆነው ነው የሚነግራችሁ። አሸንም እንደዚያው፤ መብራት ዙሪያ የሚፈላው ዝናቡ ከዘነበ በኋላ ነው። ለባልትና ሠራተኛ ግን ይህም ዋጋ አለው። አሸን የወጣበት ሰሞን መሬቱ እርጥብ ስለሆነ ሸራ መሬት ላይ አይነጠፍም፤ ቆጥ ወይም አልጋ ላይ ይሁን። እርጥበት ከሥርም ይመጣል።

የማልጠቀምባቸው

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይባላል። ቆንጆ አባባል ነው። በእሱ ተማምኖ በርበሬ የሚያሰጣ ሰው ግን ያለቅሳል። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ያኔ ገና የዝናቡ ልብ ነው። በመካከሉ ብራ ብቅ ማለት መጀመሩ እውነት ነው፤ ቡሄ የሚለውን ስም ራሱን ብራ ማለት ነው ይሉታል። ለጅራፍ ማጮህ ይበቃል፣ ለበርበሬ አይበቃም። ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ቀን ደግሞ ልጆቹን ከዝናብ ሥር መከልከል አይቻልም፤ «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያሉ ይታጠባሉ። እኔም ከዚያ ዝናብ ትንሽ ለሊጥ እይዛለሁ። ይህ እምነት እንጂ ትንበያ አይደለም።

ሰኔና ሰኞ የሚገጥምበት ዓመት ክፉ ነው የሚለውንም አልቀበልም። ሰኔ 1 ሰኞ የሚውለው በ28 ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ነው፤ በአማካይ በሰባት ዓመት አንዴ። ሌሎቹ ቀኖችም ተራቸው እኩል ነው። ሰኞ ምን በደለ? የደመራው ምሰሶ የወደቀበትን አቅጣጫ፣ የበግ ሞራ ማንበብን፣ ዓመቱ የማን ወንጌላዊ ነው ብሎ ዝናብ መጠበቅን፣ እነዚህን ለሚያምኑባቸው እተዋለሁ። ፀሐይ እየወጣ ሲዘንብ «ጅብ ወለደች» እንላለን፤ ያኛው ምንም አይተነብይም፣ ግን ሳልለው አላልፍም።

ጨረቃ ቀለበት ስትሠራ ግን አልንቃትም፣ አላምናትም። ቀለበቱን የሚሠራው ከፍ ብሎ ያለ ስስ የበረዶ ደመና ነው፤ እርጥበት ከላይ መግባቱን ያሳያል። በማግሥቱ ዘንቦብኝ ያውቃል፤ በማግሥቱ ጠራራ ፀሐይ ሆኖም ያውቃል። ቀለበት ካየሁ ጠዋት ጨዉንና ዛላውን በደንብ አያለሁ፣ በቃ።

አንድ ነገር ላይ ግን ቆፍጠን ልበል። እነዚህ ሁሉ ምልክቶች ከጠዋት እስከ ማታ፣ ቢበዛ እስከ ነገ ነው የሚያገለግሉት። ወቅት የሚያህል ነገር ከጉንዳን አትጠይቁ። በ2007 ክረምት ዝናቡ ሲከዳ መነሻው ሩቅ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ የነበረው የኤልኒኞ ሙቀት ነው፤ በማግሥቱ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ ርዳታ አስፈልጎታል። የትኛው በሬ ያንን ያሸታል? የወቅቱንና የ10 ቀኑን ከሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ስሙ። የዛሬ ከሰዓቱን ከግቢያችሁ አንብቡ።

ደብተርና ሃይላንድ

ከመጋቢቱ ኪሳራ በኋላ የልጆች ደብተር ገዛሁ። በየቀኑ ሦስት ነገር እጽፋለሁ፤ ምን አየሁ፣ ምን አልኩ፣ ምን ሆነ። ሁለተኛው ዓምድ ነው ዋናው። ጠዋት «ይዘንባል» ወይም «አይዘንብም» ብላችሁ ካልጻፋችሁ፣ ማታ ላይ ሁልጊዜ ያወቃችሁ ይመስላችኋል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ደብተሩ አዋረደኝ። ጤዛ ብቻውን ይዋሻል፣ ጨው ብቻውን ይዋሻል። ጨው፣ ዛላና የቀትሩ ደመና ሦስቱም አንድ ነገር ሲሉ ግን እጄን ሰጥቻለሁ። ሁለቱ ተስማምተው አንዱ ሲቃወም ዛላውን ብቻ አወጣለሁ፣ የተደለዘው ቤት ይውላል።

ዝናቡንም ለኩት። ቀጥ ያለ ጎን ያለው ሃይላንድ ከአንገቱ በታች ቁረጡ። ታቹ ጎርባጣ ስለሆነ ጠጠር ጨምሩበትና ውሃ እስከ ቀጥታው ድረስ ሙሉት፤ እዚያ ላይ ዜሮ ብላችሁ መስመር አስምሩ። የተቆረጠውን አፍ ገልብጣችሁ እንደ ማጥለያ ክተቱበት። ከመስመሩ በላይ በማስመሪያ የምትለኩት ሚሊ ሜትር ያው የዘነበው ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። የእኔ ሸራ 12 ካሬ ነው። 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብበት 240 ሊትር፤ በጀሪካን 12 ጀሪካን። ልጆቹ ያን ቀን ለምን እንዳቃታቸው የገባኝ ይህን ካሰላሁ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም አንድ ቀን ይቀድማችኋል። ዛላ ከሆነ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አብሱት፣ ቤት ውስጥ ሳታደራርቡ ዘርጉት፣ መስኮት ክፈቱ፣ በማግሥቱ ፀሐይ ስጡት። የተደለዘ ከሆነና ቶሎ ማድረቅ ካልቻላችሁ፣ ሽታው ከተለወጠ ወይም ነጭ ነገር ከጣለ፣ አምሳችሁ ለማዳን አትሞክሩ። ሻጋታው የሚተወው መርዝ በማመስ አይጠፋም። እኔ የዚያን ቀኑን ሁለት ፈረሱላ ሦስት ቀን አገላበጥኩት። በአራተኛው ቀን ሸተተኝ። ጎረቤቴ «እትዬ፣ በርካሽ የሚገዛ አይጠፋም» አለኝ። ከጓሮው ጥግ አስቆፍሬ ቀበርኩት።